ደመወዝ ሳይደርስ፣ ጉልበት ሳይተርፍ የምንጽፍ ሰዎች፦ ከባሕር ዳር የተነሣ ጥያቄና 27 መልሶቹ

የመነሻው ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዓባይ ማዶ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ። ማታ አጫጭር ልብወለድ እጽፋለሁ። እጽፍ ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም። የጀመርኩት ታሪክ ከጥቅምት ጀምሮ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሟል። አንዲት ሴት ድልድይ ጫፍ ላይ ቆማ ስልክ እስኪደወልላት ትጠብቃለች። እስካሁን እዚያው ናት።

ቀኔ እንዲህ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ። የልጆቹን ምሳ እቋጥራለሁ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። የባጃጅ ሂሳብ ለመቆጠብ ድልድዩን በእግሬ ነው የምሻገረው። እስከ 11 ሰዓት ተኩል ደረሰኝ ሳመሳክር እውላለሁ። ወር ሲዘጋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እቆያለሁ። ከዚያ እራት፣ ልብስ፣ የልጆች የቤት ሥራ። 4 ሰዓት ላይ ደብተሬን ስከፍት ዐይኔ ይከደናል። ደመወዛችን ከዘገየ ሁለት ወር ሆነው። አከራያችን ደግሞ ከጥር ጀምሮ ኪራይ ጨምረዋል።

ጊዜ ከየት ላምጣ ብዬ አይደለም የምጠይቃችሁ። ጊዜው እንደሌለ አውቄዋለሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ድሮ አንድ ነገር ሽው ይልብኝ ነበር። የሆነ ሰው ሲናገር እሰማና ይቺን ማታ እጽፋታለሁ እላለሁ። ማታ ባልጽፋትም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውል ነበር። አሁን እሱ እየጠፋብኝ ነው። ከድካሙ በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። እናንተ በምን ታቆዩታላችሁ?

መልሶቹ በየተራ

ይህን በኢንተርኔት መወያያችን ላይ ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት አለፈው። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከየት ጀምረን እናንብብ እያሉ ስለሆነ መልሶቹን በራሴ አንደበት ልንገራችሁ። አንዳንዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋለሁ። ልቤን የነካው ላይ ግን እቆያለሁ።

1ኛው ሰላምታና አይዞሽ ነበር። 2ኛው ሌሊት 9 ሰዓት እየተነሣሁ ቤቱ ጸጥ ባለበት እንድጽፍ መከረኝ። 3ኛውም ያንኑ ደገመ። ስልክ ማጥፋትና የቀኑን ዕቅድ ወረቀት ላይ ማስፈር የሚሉትንም ጨመረበት። ሁለቱም በቅንነት ነው የጻፉት፤ አመሰግናቸዋለሁ።

4ኛዋ ነርስ ናት። ሌሊት ተረኛ ሆና ዎርድ ውስጥ አድራ፣ ጠዋት ቤቷ ስትገባ ልጇ ለትምህርት ቤት ሲነሣ ትደርሳለች። በጨዋ አንደበት፣ ግን ሳታለሳልስ፣ 9 ሰዓት ተነሥታችሁ ጻፉ የሚለው ምክር የሚሠራው በጊዜ ለሚተኛ ሰው ነው አለች። እሷ ሙዚቃ ነው የምትሠራው። ዜማ እያንጎራጎረች ስልኳ ላይ ትቀዳለች። ከእንቅልፏ ቀንሳ የቀዳችውን ሁሉ በኋላ ስትሰማው እንዳጠፋችው፣ ካረፈች በኋላ የቀዳችው ግን አሁንም ስልኳ ውስጥ እንዳለ ጻፈች።

5ኛው እሷን ደገፈ። አያቱ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። በልጅነቱ ከጣና ዳር ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበትን ቄጠማ፣ እያጨደ ያቀብላቸው ነበር። ታንኳ የገባው ሰው ከውሃ ሲወጣ ዝም ብሎ አያስረውም አለ። ጎትቶ ያወጣዋል፤ ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፤ ፀሐይ ይመታዋል። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል። ሳይደርቅ ነጋ ጠባ ከተቀዘፈበት እየከበደ ይሄዳል፤ መጨረሻው መስጠም ነው። አያቱ የቆመ ታንኳ አይተው ሥራ ፈቷል ብለው አያውቁም ነበር። እኔ ይህን ያነበብኩት እሑድ ነው። አንብቤ ስጨርስ ስልኬን አስቀምጬ ተኛሁ። ከሰዓቱን በሙሉ ነው የተኛሁት።

6ኛው መልስ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ መንደር ለመንደር ቁራሽ ይለምኑ ነበር። የውሻ ንክሻ ጠባሳው እስከ ዛሬ ባታቸው ላይ አለ። ቁራሹን ይዘው ሲመለሱ ጎጇቸው ያፈሳል። እንዲያም ሆኖ ተማሪው ሁሉ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው።

እንዴት ይሆናል ለሚል ሰው ሥርዓቱን አስረዱ። ጀማሪ መወድስ አይሰጠውም። መወድስ 8 ቤት ነው፤ ቤት የሚባለው የቅኔው መስመር ነው። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት ብቻ። ቀጥሎ ዘአምላኪየ ይመጣል፤ 3 ቤት። እንዲህ እያለ ያድጋል። ለቆጠራ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ለመፍጠር፣ ሲወጡ አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ሰው ከሰው አይነጋገርም። እሳቸው ራሱ ብዙ ጊዜ ቁራሽ እየለመኑ፣ በመንገድ ላይ፣ ውሻ በበትር እየተከላከሉ ነው የቆጠሩት። ሁለት ቤት መንገድ ላይ ይቆጠራል። ስምንት ቤት ግን መቀመጥ ይፈልጋል።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። ታሪክ እጽፋለሁ ማለት መወድስ እቆጥራለሁ ማለት ነው፤ ያንቺ ቀን ግን የጉባኤ ቃና ቀን ነው አሉኝ። በቀን ሁለት መስመር። ሦስተኛው ቢመጣ እንኳ ለነገ ይደር። ለካ ተስፋ የሚቆረጠው ሥራ ሲበዛ ብቻ አይደለም፤ ማታ ሲመለሱ የኔታ ቁጭ ብለው የማይጠብቁ ከሆነም ነው። እሳቸው በረሃብ ቀን እንኳ የሚቆጥሩት ማታ የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ስለሚያውቁ ነበር። የኔታ ያርማሉ፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ። ለዚያች ፈገግታ ሲሉ ነበር ውሻውን የሚጋፈጡት።

7ኛው መልስ ኮስተር ያለ ነው። ጸሐፊው ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ነው። የቀን ሥራ ይሠራል፤ የቴአትር ድርሰቶችም አሉት። ችግርን አታስውቡብን አለ። የቆሎ ተማሪ ኪራይ አይከፍልም። የሚያበላው መንደር አለው። እኛ ቁራሽ ብንለምን የሚሰጠን የለም፤ አከራይም በእንተ ስማ ለማርያም ቢባል አይሰማም። ረሃብ ለማንም ቅኔ አላስተማረም፤ ቅኔ ያስተማረው መምህሩ ነው አለ። ስንት ቅኔ የሚያውቅ ልጅ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ እንደቀረ ማን ይቆጥራል ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ጠንከር ቢልም ጥያቄው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

8ኛው የእኔ ነው። ሁለቱም እንደገቡኝ ጻፍኩ። ከዚያ የሞከርኩትን ነገርኳቸው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። በእኔ እርምጃ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ጠዋት ስሻገር ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ልጆቹ ጫማ ነበር የማስበው። ማክሰኞ ግን ድልድዩን ከረገጥኩበት እስክወርድ ድረስ ሁለት መስመር ብቻ ልቁጠር አልኩ። ከታች ደንገሉ አጠገብ ጉማሬ አፍንጫውን ብቅ አድርጎ እፍ አለና መልሶ ጠለቀ። ከፊቴ አንዲት ሴት የዶሮ ቅርጫት ተሸክማ ትሄዳለች። ዶሮዋ አንገቷን አውጥታ ውሃውን እያየች ነበር። ሴትዮዋ ሳትዞር፣ አትይው ያዞርሻል አለቻት። መጋዘን እንደገባሁ ይቺን ጥቅም ላይ በማይውል ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኳት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፈገግ እያልኩ ነበር የማመሳክረው። የጠፋብኝ ነገር ይኸው ነበር።

9ኛዋ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ለሁለት ምግብ ቤትና ለጎረቤት ታቀርባለች። ግጥም ትጽፋለች። ይህን ለማንም ነግራ እንደማታውቅም ጻፈች። መልሷ ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ሌሊት 9 ሰዓት ትነሣለች፤ ለግጥም ሳይሆን መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ ነው። ምጣዱ ሲግል ሊጡን ከዳር ወደ መሃል አዙራ ታፈሳለች። ዐይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ትደፋለች። ዳር ዳሩ እስኪነሣ ያለችው ጊዜ የእሷ ናት። እጇ ሥራ የለውም፤ ሌላ ነገር ለመጀመርም ጊዜው አይበቃም። በዚያች ጊዜ አንዲት ስንኝ በአፏ ታዞራለች። እንጀራው በሰፌድ ሲወጣ ስንኟን ትተዋለች። ቀጣዩ ሲፈስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በአንድ ሌሊት ከሰባ እንጀራ በላይ ትጋግራለች። ሰባ ጊዜ የተመላለሰች ስንኝ ጥሩ ትሆናለች ወይም ትጠፋለች አለች። የቆየችውን ጠዋት እጇን ታጥባ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ትጽፋለች።

ከዚያ ስለ እርሾ ነገረችን። ገበያ የደራ ቀን፣ ዓመት በዓል ሲሆን፣ አምስት ሰው በር ላይ ቆሞ ጨምሪልኝ ቢላትም የመጨረሻዋን እርሾ አትነካም። እሷን ከጋገረች ነገ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ግጥሙንም እንደዚያው ነው የምታደርገው። ማታ ሐሳቡ ቢመጣላትም አትጨርሰውም። አንዲት ስንኝ በግማሹ ትተዋለች። ጠዋት ስትነሣ ባዶ ዕቃ አይጠብቃትም።

እኔ ያቆምኩት ሦስተኛ ገጽ ትዝ አለኝ። አንድ ትዕይንት በጨረስኩ ማግስት ነበር የቆምኩት። ያለኝን ሁሉ አፍስሼ ተኝቼ ነበር፤ እርሾ አላስቀረሁም።

10ኛው እርማት ይዞ መጣ። እርሾ ማለት ሊጡ ላይ የሚጠለለው ቢጫ ውሃ ነው፤ ሊጡ ራሱ አይደለም አለ። 11ኛዋ በቤታቸው ከቡሆ ዕቃው ግርጌ የሚቀረውን ወፈር ያለ ሊጥ እንደሚጠቀሙ፣ እናቷም አያቷም እንደዚያ እንደሚያደርጉ፣ ወንድ ልጅ ስለ እርሾ ከመናገሩ በፊት አንዴ ጋግሮ ቢያየው ጥሩ እንደሆነ መለሰች። 10ኛው ሦስት ዓመት ብቻውን ኖሮ ራሱ እየጋገረ እንደሚበላ ሲጽፍ ደስ አለኝ። በመሃል የአዴት ጤፍ፣ የሠርገኛና የማኛ ዋጋ ተነሣ። 12ኛው ያለው ስለ ጤፍ ብቻ ነው፤ ምሬቱ ግን የሁላችንም ነው።

13ኛው ላይ መምህራችን ተመለሱ። 7ኛውን ልጅ ቅር ሳይላቸው አመሰገኑት። አንድ ነገር መርሳታቸውን አመኑ። ስለ የኔታ ሲናገሩ ቁራሽ የሰጧቸውን ሴቶች ዘለዋቸው ነበር። አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ራሳቸው ሳይበሉ የሚሰጡ። ውሻቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ያን ዓመት የቆጠሩት ቅኔ ግማሹ የእኚያ ባልቴት ነው አሉ። ስለዚህ ልጁ ልክ ነው፦ ያለ ሰጪ ቅኔ የለም። ጥያቄው አሁን ውሻውን የሚይዝልን ማን ነው የሚለው እንደሆነ ጻፉ። ልጁ ለዚህ ቃል አልመለሰም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሲጠራቸው የኔታ ነው የሚላቸው።

14ኛው ከዘጌ ነው። በጀልባ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሚሻገሩ እንግዶች የፍየል ቆዳ ላይ ሥዕል እየሣለ ይሸጥ ነበር። እንግዳው ሲመናመን ሥራው ቆመ። አሁን ግንባታ ላይ ድንጋይ ያቀብላል። ዓመታት ሙሉ አንድ ዓይነት ሥዕል፣ ትልልቅ ዐይን ያላቸው መላእክት፣ ደጋግሞ ሣለ፤ የሚሸጠው እሱ ነበራ። አሁን የሚገዛ ስለሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለገውን ሣለ። እናቱን ነው የሣላት፤ ቡና ስትለቅም። የቀሩት ቀለማት ቀይና ቢጫ ብቻ ነበሩ። ጥቁሩን ከጥላሸት ራሱ በጠበጠው፤ የብራና ጸሐፊዎች ቀለማቸውን ከጥላሸት እንደሚያዘጋጁ ከአንድ መሪጌታ ሰምቷል። ሰማያዊ ስለሌለው ከእናቱ ጀርባ ያለው ጣና ጥቁር ነው። ሥዕሉን ፎቶ አንሥቶ አያይዞልናል። ጥቁሩ ሐይቅ ላይ የቀይ መቀነቷ ጥላ ወርዷል። ሰማያዊ ቢኖረው ይህን አያስበውም ነበር ብዬ ለመጻፍ አስቤ ተውኩት። ሰማያዊ ቢኖረው ይሻለዋል። 7ኛው ልጅ ያስጠነቀቀን ይህንን ነበር።

15ኛው ዘጌ ስትነሣ በ1860 ዓ.ም. እዚያ የተወለዱትን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ጠቀሰ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው በእሳቸው ብዕር ነው። ከዚያ ባሕረ ገብ መሬት ይህን የሚያህል ነገር ከወጣ እኛም እንችላለን ለማለት ነው። 16ኛው ተቆጣ። ሰውዬው አውሮፓ ሆነው ጻፉ እንጂ ድንጋይ እያቀበሉ አልጻፉም፤ በወረራው ዘመንም ከጣሊያን ጎን ቆመዋል፤ ለዘጌው ሠዓሊ ምሳሌ አድርጋችሁ አታቅርቧቸው አለ። 17ኛው የባሰ ቃል ተጠቅሞ ስለነበር አወያያችን አጠፉት። የጠፋውን አልደግመውም።

18ኛዋ ነገሩን አበረደችው። ሌላ የጎጃም ሰው አነሣች፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን። በጣሊያን እስር ዓመታት አሳልፈዋል። ከዚያ በዲፕሎማትነትና በሌላም የመንግሥት ሥራ ኖረዋል። ትልቁ ልብወለዳቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው 50ን ካለፈ በኋላ። እሷ 47 ዓመቷ ነው። እኔ 36። ሁለታችንም ይህን ቁጥር ሳንቆጥረው አልቀረንም።

19ኛውና 20ኛው የተጋጩበትን ሳልሸፍን ልናገር። 19ኛው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት በሕይወቱ ብዙ የጻፈበት ጊዜ እንደሆነ ተናገረ። ስልኩ ዝም አለ፤ እሱ ሁለት ደብተር ሞላ። 20ኛው የግራፊክስ ዲዛይነር ነው፤ ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። እሱ የሚበላው በኢንተርኔት በሚልከው ሥራ ነበር። ደንበኞቹ ሁሉ ሄዱ። ኮምፒውተሩን ሸጠ። የእኔ ረሃብ ላንተ ጸጥታ ሆነልህ ወይ የሚል ስሜት ያለው መልስ ነው የጻፈው፤ ቃላቱ ይከብዳሉ። ቀጥሎ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ያን ኮምፒውተር መልሶ መግዛት ሕልም ሆነበት። አሁን ሱቅ ይጠብቃል። ንድፉን በእርሳስ ነው የሚሠራው።

21ኛው የ19ኛው ይቅርታ ነው። ረዥም ነው፤ ምክንያት አልደረደረም። በነዚያ ወራት እሱም ወንድሙ የት እንዳለ ሳያውቅ ሳምንታት ማሳለፉን፣ የጻፈውም ፍርሃቱን ለመሸሽ እንደነበረ፣ በኋላ ላይ መጻፉን ብቻ አስታውሶ ፍርሃቱን እንደረሳው ጻፈ። 20ኛው አልመለሰለትም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አንድ የእርሳስ ንድፍ ለጠፈ። የሱቁ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ሰልፍ ይዘው የቆሙ የባሕር ዳር ዘንባባዎች።

22ኛው የእቁብ ሐሳብ ያቀረበው ሰው ነው፤ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ክራር ይመታል። ምክር ስንሰጣጣ ሰነበትን፣ የጎደለን ግን ውሻውን የሚይዝልን ነገር ነው አለ። 12 ሰው፣ በሳምንት 250 ብር። ዕጣ የወጣለት ብሩን እንደፈለገ ያድርገው፤ ግን ቢያንስ የአንድ ቀን ዕረፍት ይግዛበት። እሱ ለምሳሌ አንድ ቀን ለባለ ባጃጁ ገቢውን ከኪሱ ከፍሎ ሙሉ ቀን ክራሩን ይዞ መቀመጥ ይፈልጋል። ሌላ ሁለተኛ ደንብ ጨመረ፦ እቁብ ለመጣል የሚመጣ ሰው ሁለት መስመር ይዞ ይምጣ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ንድፍ፣ ምንም ይሁን። የኔታም ቁጭ ብለው ይስሙን።

ድምሩን 3,500 ብር ብሎ ጽፎ ነበር። 23ኛው 12 በ250 ሲባዛ 3,000 መሆኑን አረመው። እኔ የሂሳብ ሠራተኛዋ ሳላየው ቀርቼ ነው፤ እሱ ቀደመኝ።

24ኛው ተቃውሞ ነው፤ ከ7ኛው ልጅ። 250 ብር በሳምንት ለእሱ ብዙ ነው። እቁብ ያለው ላለው ነው፤ የሌለው በር ላይ ይቀራል አለ። ሁለት ቀን ተከራከርንበት። አንዳንዱ ለልጁ እናዋጣለት አለ፤ እሱ አልፈለገም፤ ደግሞም ልክ ነው። እቁብ ደንብ ያለው ነገር ነው፤ የአንዱን ሌላው ከጣለለት እቁብነቱ ይቀራል። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ሁለቱን መለየት ነው። ብሩን የሚችል ይጥላል። ሁለት መስመር ግን ማንም ይዞ ይመጣል፤ ብር ባይጥልም ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ ይደመጣል። ዳኛ መምህራችን ሆኑ። ጸሐፊ እኔ ነኝ።

በ25ኛው ውይይቱ ወዳልታሰበበት ሄደ። የታንኳ ሠሪው የልጅ ልጅ ደንገሉ እየሳሳ መምጣቱን አነሣ። ከዚያ እምቦጭ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ መታየቱ፣ በእጅ መታጨዱ፣ በማሽን መሞከሩ፣ ተመልሶ መብቀሉ። በዚሁ በ25ኛው ሥር ብዙ ሰው አስተያየቱን ደረደረ፤ ስለ መጻፍ የተናገረ አልነበረም። አወያያችን ለእምቦጭ የራሱ ውይይት ይከፈትለት ብለው ወደ ጉዳያችን መለሱን። እኔ ግን አልከፋኝም። ሐይቁ ሲያመው ዐይኑን የሚዘጋ ሰው ምን ይጽፋል?

26ኛው የነርሷ ነው። የእቁቡን የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ተረከችው። ሐይቁ ዳር ያለች አንዲት ቡና ቤት ተገናኘን። እቁብ ከተመዘገቡት 12 ሰዎች 9ኙ በአካል መጡ፤ ሦስቱ ብራቸውን በቴሌ ብር ላኩ። ነርሷ ከሌሊት ተረኛነት በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ዜማዋን ከስልኳ አሰማችን። ሹፌሩ በክራሩ ተከተላት። 7ኛው ልጅ ብር ሳይዝ መጣ፤ የቴአትሩን ሁለት መስመር ቆሞ አነበበ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህራችን ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። ስለ ዶሮዋ የጻፍኳትን ሳነብላቸው አንዷን ቃል አስወጡኝ። ልክ ናቸው፤ ቃሏ ትርፍ ነበረች። ከዚያ ፈገግ አሉ።

ዕጣው ተነቀነቀ። ለእንጀራ ጋጋሪዋ ወጣ። 3,000 ብሩን ቆጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ምን እንደምታደርግበት ስንጠይቃት አልመለሰችም። ለሌሊቱ የምታሰናዳበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሊጡ ይጠብቃታል።

27ኛው ትናንት ማታ የገባ ነው። የእሷ ነው፤ ሦስት መስመር እንኳ አይሞላም። ልባሱ ጠንካራ የሆነ፣ መስመር ያለው፣ ሊጥ ቢነካው ቶሎ የማይርስ ወፍራም ደብተር ከተማ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠየቀች። በሰዓት ውስጥ አራት ሰው ሱቅ ጠቆማት። 20ኛው፣ ዲዛይነሩ፣ እሱ በሚጠብቀው ሱቅ አንድ እንደቀረና እስከ ቅዳሜ ለይቶ እንደሚያስቀምጥላት ጻፈ።